ሳትለኩ ዕቃ አትቀይሩ፦ የኢንጀክሽን ጀልባ ሞተር አልነሳ ሲል
(ባሕር ዳር ላይ ለጀልባ ነጂዎችና ለመካኒኮች በተዘጋጀ የሥልጠና ቀን የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)

እንደምን አደራችሁ! ከዘጌም፣ ከጎርጎራም፣ ከዚሁ ከባሕር ዳርም የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ሐይቅ ላይ ዕድሜያችሁን የፈጀችሁ አባቶች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ ወደፊት ቅረቡ፤ እዚህ ጋ ቦታ አለ። የኋላዎቹ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

የዛሬው ጉዳያችን አልነሳ ያለ የኢንጀክሽን ሞተር ነው፤ ኮምፒውተር እያዘዘው ነዳጁን በኢንጀክተር የሚረጨው ማለቴ ነው። ነዳጅና አየር ያለ ኮምፒውተር የሚቀላቅል ካርቡራተር ያለውን ባለ ሁለት ምት ሞተር እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ላይ እኔ የምጨምርላችሁ ነገር የለም። አሁን ግን ባለ አራት ምት ኢንጀክሽን ሞተር በሐይቁ ላይ እየበዛ ነው። ለጣናም የሚስማማ ሞተር ነው። ለምን ቢባል፣ እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ጂግለሩን፣ ነዳጅ የምትመጥነውን ቀዳዳ፣ ካልቀየራችሁለት ቤንዚን እያበዛ ካንዴላ፣ ማለትም እሳት የሚሰጠውን ዕቃ፣ ያጠቁራል። ኢንጀክሽን ግን የአየሩን ግፊት በሴንሰር ለክቶ ነዳጁን ራሱ ይቀንሳል።

ታዲያ ይህ ጥሩ ሞተር አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ ሲል ምን ይደረጋል? «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ይባላል። ማን ለካው? ማንም! ኮምፒውተር ይገዛል፣ ፖምፓ ይገዛል፣ ካንዴላ ይገዛል፤ ሞተሩ ግን አሁንም አይነሳም። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይህን ያዙልኝ፤ ሳትለኩ ዕቃ አትቀይሩ። እደግመዋለሁ፤ ሳትለኩ ዕቃ አትቀይሩ።

በአራት ነገሮች ላይ እናገራለሁ፤ ባትሪና የኤሌክትሪክ መስመር፣ ነዳጅ፣ እሳት፣ በመጨረሻም ሴንሰሮችና ኮምፒውተሩ። ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ቀላሉና ርካሹ ይቀድማል፣ ውዱ ይከተላል።

ከዚያ በፊት ግን ሞተሩ መሀል ሐይቅ ላይ ነው እንበል። ተሳፋሪ አለ፣ ነፋስ እየተነሳ ነው። መጀመሪያ የምትነኩት ምንድን ነው? ሞተሩን ነው? አይደለም! መልሕቅ ጣሉ። ጀልባው ወደ ደንገሉ ወይም ወደ ድንጋዩ እየተነዳ ሽፋን የሚከፍት ሰው በረጋ አእምሮ አይሠራም። የሕይወት አድን ጃኬት ያላደረገ ተሳፋሪ ካለ ያድርግ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ያጥፋ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ በኖ አይጠፋም፣ ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል። ሞተሩ ውስጡ የተገጠመበት ጀልባ ያላችሁ ደግሞ ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት የሞተሩን ክፍል ክፈቱና አሽትቱ፤ የአየር ማራገቢያ ካለው ቢያንስ አራት ደቂቃ ይሥራ። የቤንዚን ሽታ እያለ ሞተሪኖ፣ ማለትም ማስነሻው፣ አይዞርም። በቃ፣ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። «አልነሳ አለ» ስትሉኝ የምጠይቃችሁ አንድ ጥያቄ ነው፤ እንዴት ነው ያልተነሳው? ሦስት ዓይነት አለመነሳት አለ። አንዱ ቁልፍ ሲዞር ምንም አለማለት ወይም «ጠቅ» ብሎ ዝም ማለት ነው። ሁለተኛው ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ አለመያዙ ነው። ሦስተኛው ተነስቶ ሁለት ሦስት ሰከንድ ሠርቶ መጥፋቱ ነው። ሦስቱ በሽታዎች ለየቅል ናቸው። በስልክ «አልነሳ አለኝ» ብሎ የሚደውል ነጂ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ቢናገር፣ መካኒኩ ግማሹን መንገድ ሄደለት ማለት ነው።

ምንም መሣሪያ ሳትይዙ የምታዩአቸው ነገሮች አሉ። የማርሽ እጀታው ኒውትራል ላይ ነው? በትክክል ካልገባ ሞተሪኖው አይዞርም፤ እጀታውን ትንሽ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ሞክሩት። የባትሪ ማብሪያ ማጥፊያው በርቷል? ነጂው ወገቡ ላይ የሚያስረው ቀይ ገመድ፣ የድንገተኛ ማጥፊያው ክሊፕ ቦታው ላይ ነው? ይህችን ክሊፕ ልብ በሉልኝ። በብዙ ሞተሮች ላይ ክሊፑ ወጥቶም ሞተሪኖው ይዞራል፤ ካንዴላ ግን እሳት አይሰጥም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል፣ ሞተሩ ግን አይይዝም። አንድ ተሳፋሪ ሲሳፈር በእግሩ ገመዷን ስቦ ሊያወጣት ይችላል። ባትሪ እስኪሞት ሞተሪኖ ከማዞር አንዴ ጎንበስ ብሎ ማየት ይሻላል።

የካርቡራተር ልማዳችሁንም ተዉት። ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ መርገጥ ወይም መግፋት ለኢንጀክሽን ምንም አይፈይድም። ካርቡራተር ላይ በገፋችሁ ቁጥር ቤንዚን ይረጫል፤ ኢንጀክሽን ላይ የምትከፍቱት አየር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ስንት ነዳጅ እንደሚሰጥ ራሱ ያሰላል፣ እናንተ ስትገፉ ስሌቱን ታዛቡበታላችሁ። እጀታው ኒውትራል ላይ ይሁን፣ ጋዙ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው፣ ይዘጋ፣ ቁልፉን አዙሩ። ከአምስት ሰከንድ በላይ አታዙሩ። ካልያዘ ልቀቁት፣ አሥር ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ድገሙ። ሞተሪኖ ረጅም ሲዞር ይግላል፣ ሽቦው ይቃጠላል፣ ባትሪውም ይወርዳል። ባትሪው ከወረደ ደግሞ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ይህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ያመጣናል፤ ባትሪ።

የድሮውን ሞተር በገመድ ስባችሁ ታስነሱታላችሁ፤ ባትሪ አይጠይቅም፣ ማግኔቱ ራሱ እሳት ይሰጣል። የኢንጀክሽን ሞተር ግን የነዳጅ ፖምፓው በኤሌክትሪክ ነው፣ ኢንጀክተሮቹ የሚከፈቱት በኤሌክትሪክ ነው፣ ኮምፒውተሩ በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ሲደክም እሳቱ ብቻ አይደለም የሚደክመው፣ ነዳጁም ይደክማል። «ሞተሪኖው እየዞረ ነው፣ ስለዚህ ባትሪው ደኅና ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል! ሞተሪኖው በ9 ቮልትም ይዞራል። በዚያ ቮልት ግን ፖምፓው ሙሉ ግፊት አይሰጥም፣ ኢንጀክተሩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል።

ስለዚህ ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ አውጡ። ቴስተር የሌለው ጀልባ አይኑር፤ በትንሽ ብር የሚገዛ ዕቃ ነው። መራጩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጉ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ካያችሁ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሦስት አራተኛ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው፤ ቻርጅ ሳታደርጉት ከወደቡ አትውጡ። 12.0 ላይ ደግሞ አልቋል በሉት። ይህ የዕረፍት ልኬት ነው፤ እሱ ብቻ ግን አይበቃም። ዋናው ልኬት ሞተሪኖው እየዞረ ያለው ነው። አንድ ሰው ቁልፍ ያዙር፣ አንድ ሰው ቴስተር ይያዝ። በሚዞርበት ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ መስመሩ ተበላሽቷል።

ወደ እኛ ከመጡ ሞተሮች አንዱን ልንገራችሁ፤ ባለ 60 ፈረስ ጉልበት ነው። ባለቤቱ ኮምፒውተሩ ሞቷል ተብሎ የአንድ ወቅት ገቢውን የሚበላ ዋጋ ተጠርቶለታል። ባትሪው አርፎ ሲለካ 12.5፣ ደኅና ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ግን ሞተሩ ጋ 8.7 ብቻ ይደርሳል። መሀል ላይ ማን በላው? የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው እርሳስ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ እዚያው ምሰሶ ላይ የታሰረው ካፕ ላይ አደረግን። ምሰሶውና ካፑ ተነካክተዋል፣ በመካከላቸው ምንም ቮልት መታየት የለበትም። ሞተሪኖው ሲዞር 1.4 ቮልት ታየ! ካፑን ስናወልቀው ውስጡ ነጭ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ከላይ ሲታይ ያብረቀርቃል፣ ብሎኑም ጠብቋል፤ ዱቄቱ ያለው ዓይን በማያየው በውስጠኛው ፊት ላይ ነው። በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጠበ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ፣ ታሰረ። ሞተሩ በመጀመሪያው ዙር ያዘ። የተገዛ ዕቃ የለም።

ይህን አለካክ ያዙት። ሞተሪኖው እየዞረ ከባትሪው አሉታዊ ምሰሶ እስከ ሞተሩ አካል፣ ማለትም እስከ ማሳው፣ ከ0.3 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። ከአዎንታዊው ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ብሎን ደግሞ ከ0.5 በላይ መጥፋት የለበትም። በላይ ከሆነ በዚያ መንገድ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ማሰሪያ እየለካችሁ ሂዱ፤ ቮልቱን የበላችው ማሰሪያ ራሷን ታሳያችኋለች።

ፊውዞቹንም እዚሁ ጋ እዩ። በዓይን ብቻ አትመኑ፤ አንዳንዱ ፊውዝ እግሩ ሥር ይሰነጠቃል፣ ከላይ ሙሉ ይመስላል። በቴስተር ይለካ። የተቃጠለውን በአሥር አምፒር ፋንታ በሠላሳ አትተኩት፤ በሽቦማ አይታሰብም። ሌላው ልመናዬ ዋልታ እንዳትቀያይሩ ነው። ከሌላ ጀልባ ባትሪ ስትበደሩ ቀዩን ከጥቁሩ ከቀያየራችሁ ለአንድ ቅጽበት እንኳ ቢሆን ሞተሩ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው የሚያስተካክለውን ሬክቲፋየር፣ አንዳንዴም ኮምፒውተሩን ታቃጥላላችሁ። ሞተሩ እየሠራ ሳለም ባትሪውን አትንቀሉ። ኮምፒውተር በእውነት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በሰው እጅ ነው። ሙዚቃ የምታሰሙ፣ የቱሪስት ስልክ ቻርጅ የምታደርጉ፣ ለዚያ ሌላ ባትሪ ይኑራችሁ። የማስነሻውን ባትሪ አትንኩት።

እሺ፣ ባትሪው ደኅና ነው፣ መስመሩ ደኅና ነው። አሁን ነዳጅ። እዚህ ጋ ቆየት እላለሁ፤ በእኛ አገር የኢንጀክሽን ሞተር ትልቁ ጠላት ነዳጅ ነው።

መጀመሪያ ጆሮ። ሁሉም ዝም ይበል። ቁልፉን አብሩ፣ ሞተሪኖውን ግን አታዙሩ። በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ከሽፋኑ ሥር ለሁለት ሦስት ሰከንድ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ የከፍተኛ ግፊት ፖምፓው ነው፣ መስመሩን እየሞላ ነው። ድምፁ ከሌለ ፊውዙን፣ ሪሌውን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ)፣ የፖምፓውን ሶኬት በቅደም ተከተል እዩ። ሪሌውን ለማወቅ ከጎኑ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር አቀያይሩት፤ ዋጋ የማያስወጣ ምርመራ ነው። ሶኬቱ ላይ ቁልፍ ሲበራ 12 ቮልት ደርሶ ፖምፓው ዝም ካለ ያኔ ፖምፓው ሞቷል ማለት ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት አይቻልም!

ድምፁ ካለስ? ድምፅ መኖሩ ነዳጅ መኖሩን አያረጋግጥም። ነዳጁ የሚሄድበትን መንገድ በአእምሯችሁ ያዙት። ከታንኩ ይወጣል፣ በጎማ ቱቦ ወደ እጅ ፖምፓው ይመጣል፣ ውሃ በሚለየው ፊልትሮ ያልፋል፣ ሞተሩ ላይ ባለው ትንሽ ፊልትሮ ያልፋል፣ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ፖምፓ ይገፋዋል፣ ከዚያ ተን መለያ የምትባል ትንሽ ጋን ውስጥ ይገባል። እዚያች ጋን ውስጥ ተንሳፋፊና መርፌ አለ፣ ልክ ካርቡራተር ውስጥ እንዳለው። ከፍተኛ ግፊት ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከዚያች ጋን ስቦ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይልካል። እንግዲህ ጋኗ ባዶ ከሆነች ፖምፓው «ዝዝዝ» ማለቱን አይተውም፤ የሚገፋው ግን አየር ነው።

የእጅ ፖምፓዋ ብዙ ትናገራለች፤ ስሟት። ቀስቱ ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ስትጨምቋት መውጫዋን ወደ ላይ አቁማችሁ ያዟት፣ ውስጧ ያሉት ቫልቮች በደንብ የሚዘጉት እንዲያ ሲሆን ነው። ጥቂት ጊዜ ተጨምቃ መጠንከር አለባት። ብትጨመቅ ብትጨመቅ ካልጠነከረች ወይ ቱቦው አየር ይስባል፣ ወይ የራሷ ቫልቭ ተበላሽቷል፣ ወይ የጋኗ መርፌ አልዘጋ ብሏል፤ የመጨረሻው ከሆነ ቤንዚን ሞተሩ ውስጥ ሲፈስ ይሸታል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ፖምፓዋ ወደ ውስጥ ከተጣበቀች ከኋላዋ የታፈነ ነገር አለ። የታንኩን ክዳን መተንፈሻ ብሎን ከፍታችሁታል? ተንቀሳቃሽ ታንክ ላይ ይህ ብሎን ከተዘጋ አየር አይገባም፣ ቤንዚኑ አይወጣም። ከዚያ ጥፋት የሌለበት ፖምፓ ይፈታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ይህ ነው፤ ሌላ ታንክ፣ ሌላ ቱቦ፣ የታመነ ቤንዚን። አምስት ሊትር ንጹሕ ቤንዚን ያለበት ትንሽ ታንክ ከነቱቦው አስቀምጡ። አልነሳ ያለው ሞተር ላይ እሱን ሰኩ፣ የእጅ ፖምፓዋን ጨምቁ፣ አስነሱ። ከተነሳ ችግሩ ጀልባው ላይ ነው፣ ሞተሩ ንጹሕ ነው። ካልተነሳ ጀልባውን ተዉት፣ ሞተሩን መርምሩ። አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ግማሹን ጥርጣሬ ትቀንሳላችሁ።

ቤንዚኑ ራሱስ? ማደያ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን እንገዛለን፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጀሪካኑ ዘይት ይዞ ነበር፣ ውሃ ይዞ ነበር፣ አይታወቅም። አንዳንዱ ቤንዚኑን በላምባ ያበዛዋል። ካርቡራተር ያለው የድሮ ሞተር እያጨሰም ቢሆን ይታገሰዋል። ኢንጀክሽን አይታገስም። እንዴት ትለያላችሁ? አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ጠብቁ። ንጹሕ ቤንዚን በንኖ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ደርቆ ምልክቱ ይጠፋል። ላምባ ካለበት ወረቀቱ ላይ ቅባት ያለው ክብ ይቀራል፣ ወደ ብርሃን ስትይዙት ብርሃን ያሳልፋል፤ ጣታችሁንም ስታሹት ያዳልጣል። አሁን ወረቀቱን እያዞርኩት ነው፤ በግራ በኩል ያለው ንጹሕ ነው፣ በቀኝ በኩል ያለው ላምባ የገባበት ነው። ቅባቱን በጣታችሁ ነክታችሁ አሳልፉት።

ለውሃ ደግሞ የመስታወት ጠርሙስ ነው። ግማሽ ሊትር ከታንኩ ሥር ቅዱ፤ ከላይ አይደለም፣ ከሥር! ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ሥሩ ላይ ተለይቶ ይታያል። ተን መለያዋ ጋን ሥርም የማፍሰሻ ብሎን አላት፤ ከእሷም በጠርሙስ ቅዱ። ሥሯ ላይ ውሃና ዝገት ካያችሁ ታንኩን ማጠብ፣ ፊልትሮዎቹን መቀየር፣ ጋኗን ማጽዳት የግድ ነው። ውሃ የሚለየውን ፊልትሮ፣ 10 ማይክሮን የሚባለውን፣ አምራቾች በየ100 ሰዓቱ ወይም በየዓመቱ ቀይሩ ይላሉ። በጀሪካን ለሚቀዳ ነዳጅ ግን ያ በጣም ይረዝማል፤ ግማሹን ቁጠሩለት። መለዋወጫ ፊልትሮም ጀልባው ላይ ይኑር።

አንድ ነገር አደራ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ አንድ ሊትር ዘይት ለሃምሳ ሊትር ቤንዚን እየቀላቀላችሁ ኖራችኋል። ከዚያ የተረፈውን ቅልቅል ባለ አራት ምቱ ላይ አትጨምሩ። ካንዴላውን ያጠቁራል፣ የኢንጀክተሩንም አፍ ይለጥፋል። ሁለቱም ዓይነት ሞተር ያላችሁ ጀሪካኖቹን በቀለም ለዩ።

ግፊቱን መለካት ለምትፈልጉ መካኒኮች፦ በብዙ ሞተሮች የኢንጀክተር ቧንቧ ላይ የመለኪያ ቫልቭ አለ። ከሌለው ቲ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ 3 ባር አካባቢ፣ ማለትም 43 ፒኤስአይ ገደማ ይሰጣሉ፤ የእናንተን ሞተር ትክክለኛ ቁጥር ከመመሪያው ውሰዱ። ከመክፈታችሁ በፊት ግፊቱን አውጡ፣ ጨርቅ አልብሱበት፣ የእሳት ማጥፊያው ከጎናችሁ ይሁን። በግፊት የሚረጭ ቤንዚን ዓይን ያጠፋል።

አሁን የጣና ነጂዎችን ሁሉ የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። ጠዋት ሞተሩ በደንብ ተነስቶ ዳጋ እስጢፋኖስ ወይም ናርጋ ሥላሴ ይደርሳል። ቱሪስቱ ወርዶ ገዳሙን ይጎበኛል፤ ሞተሩ በእኩለ ቀን ፀሐይ ሠላሳ አርባ ደቂቃ ይቆማል። ሲመለሱ አይነሳም! ጠዋት ተነስቷል፣ ማታም ይነሳል፣ በእኩለ ቀን ግን አይነሳም። ለምን? ሞተሩ ሲጠፋ ቀዝቃዛው ውሃ መዞሩን ያቆማል፣ የብረቱ ሙቀት ግን ወደ ላይ ይወጣል። በትንሿ ጋንና በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል፣ ተን ይሆናል። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል በባሕር ዳርቻ ካሉት ቀድሞ ይፈላል። ፖምፓው ተን መግፋት አይችልም።

መድኃኒቱ ዕቃ መቀየር አይደለም። ሽፋኑን አንሱ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ነፋስ ይግባው። የእጅ ፖምፓዋን እስክትጠነክር ጨምቁ። ቁልፉን አብሩ፣ ፖምፓው ሠርቶ ዝም እስኪል ጠብቁ፣ አጥፉ፤ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ድገሙ፣ ሞተሪኖውን ሳታዞሩ። ከዚያ አስነሱ። ለመከላከል ደግሞ ወደብ ስትደርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። ታንኩንና ቱቦውንም ከፀሐይ ጋርዱት።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ፤ እሳት። ይህ ያጥራል።

ካንዴላ አውልቃችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ አትሞክሩ፤ የዛሬው ቦቢና፣ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ዕቃ፣ ጉዳት ያደርሳል። ገመዱን ነቅላችሁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሞተሪኖ አታዙሩም፤ እሳቱ መውጫ ሲያጣ ቦቢናውን ወይም ኮምፒውተሩን ይመታል፣ የቤንዚን ተን ካለ ደግሞ እሳት ይነሳል። የእሳት መሞከሪያ ግዙ፣ ማሳ ላይ እሰሩት፣ ያኔ አዙሩ።

እዚህ ላይ አንድ አስተሳሰብ ያዙልኝ። ሞተሩ ሦስት ወይም አራት ሲሊንደር ካለው አንድ ካንዴላ ወይም አንድ ቦቢና ቢሞት ሞተሩ ይነሳል፤ እየተንቀጠቀጠ ቢሆንም ይነሳል። ጨርሶ ካልተነሳ ግን ሁሉንም ሲሊንደር በአንድ ጊዜ የሚነካ ነገር ፈልጉ። አራት ቦቢና በአንድ ሌሊት አይሞትም! ሁሉም ጋ እሳት ከጠፋ ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የድንገተኛ ማጥፊያው፣ የቁልፉ መስመር፣ ዋናው ሪሌ፣ የሞተሩን መዞር የሚያነበው የክራንክ ሴንሰር። በአብዛኛው የጀልባ ሞተር ማጥፊያው የሚሠራው መስመሩን ከማሳ ጋር በማገናኘት ነው። ስለዚህ ማጥፊያው ውስጥ ውሃ ከገባ «አጥፋ» እያለ ይቀራል። መመሪያውን አይታችሁ የማጥፊያውን ሽቦ ሞተሩ ጋ ለጊዜው ንቀሉ፤ እሳት ከመጣ ጥፋተኛው ማጥፊያው ነው። ሽቦው ተነቅሎ ሳለ ግን ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋም፤ ለምርመራ ብቻ ነው፣ ተሳፋሪ ጭናችሁ እንዲህ አትሂዱ።

የካንዴላ ክፍተት፦ ቁጥሩ በ9 የሚያልቅ የኤንጂኬ ካንዴላ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ በ11 የሚያልቅ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ካንዴላው እርጥብ ሆኖ ከወጣ ነዳጅ እየደረሰ ነው፣ እሳት ፈልጉ። ደረቅ ሆኖ ከወጣ ወደ ነዳጁ ተመለሱ። በቤንዚን ከታፈነ አድርቃችሁ፣ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ፣ ገመዶቹን ማሳ ላይ አስራችሁ ትንሽ አዙሩት፣ መልሳችሁ ግጠሙ።

ሴንሰሮችና ኮምፒውተር። በመጨረሻ ያመጣሁት በመጨረሻ መጠርጠር ስላለበት ነው።

ሞተሩ ራሱ ይናገራል። በብዙ የያማሃ ኢንጀክሽን ሞተሮች የስህተት ቁጥር በመብራት ብልጭታ ይነበባል፤ 13 የክራንክ ሴንሰሩ፣ 15 የሙቀት ሴንሰሩ፣ 19 የባትሪ ቮልት፣ 29 የአየር ግፊት ሴንሰሩ ነው። ቁጥሩ ግን «ይህን ዕቃ ቀይር» ማለት አይደለም፤ «ይህን መስመር መርምር» ማለት ነው። ሴንሰሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ ዝገት እዩ፣ ሽቦውን ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል።

የክራንክ ሴንሰሩ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን አያውቅም፤ እሳትም ነዳጅም አይሰጥም። ሞተሪኖው ሲዞር የዙር መቁጠሪያው መርፌ ጨርሶ ካልተነቃነቀ እሱን ጠርጥሩ። ሞቆ የሚጠፋ፣ ቀዝቅዞ የሚመለስ ከሆነም እንዲሁ። የሙቀት ሴንሰሩ ተበላሽቶ ቀዝቃዛውን ሞተር «ሞቋል» ካለው ደግሞ ኮምፒውተሩ ለማስነሻ የሚበቃ ነዳጅ አይሰጥም፤ ጠዋት አይነሳም፣ ከሞቀ በኋላ ግን ደኅና ነው።

ኢንጀክተሩን በቴስተር ኦም ላይ ለኩት፤ ብዙዎቹ ከ11 እስከ 15 ኦም ያሳያሉ። ዋናው ግን እርስ በርሳቸው መመሳሰላቸው ነው። በቀጥታ ባትሪ ላይ ይዛችሁ አታቆዩአቸው፤ ይቃጠላሉ።

ሦስተኛው ዓይነት አለመነሳት፣ ተነስቶ የሚጠፋው፣ እዚህ ይገባል። ኒውትራል ላይ ሆናችሁ ጋዙን በጣም ትንሽ ስትከፍቱ ከቆየ፣ የዝግታ አየር ቫልቩ በጥላሸት ታፍኗል፤ አጽዱት። ጋዝ ብትከፍቱም ከጠፋ ግን ነዳጁ እየተከተለ አይደለም።

አሁን ለመካኒኮች ብቻ፤ የከፍታ ነገር። የአምራቾች መመሪያ የተጻፈው በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። ሞተሩ ሳይሠራ ቁልፍ ብቻ በርቶ የአየር ግፊት ሴንሰሩን በመመርመሪያ ኮምፒውተር ስታነቡ መመሪያው 101 ኪሎ ፓስካል ይላል። ባሕር ዳር ላይ 81 ገደማ ታያላችሁ። ሴንሰሩ አልተበላሸም! ከፍታችን ነው። ኮምፕሬሽን፣ የሲሊንደሩን እመቃ፣ ስትለኩም እንዲሁ ነው። በባሕር ወለል 12 ባር የሚሰጥ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ ከ10 ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህን ሳያውቁ ጤነኛ ቴስታታ፣ የሞተሩን ራስ፣ የሚፈቱ አሉ። ሁሉንም ካንዴላ አውጡ፣ የካንዴላ ገመዶቹን ማሳ ላይ እሰሩ፣ ጋዙን ሙሉ ክፈቱ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ አዙሩ። የምታዩት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ እዚያ ችግር አለ። እምቦጭ የውሃ መሳቢያውን ዘግቶት ግሎ የነበረ ሞተር ከሆነ ጓርኒሲዮኑን፣ የቴስታታውን ማሸጊያ፣ ቀድማችሁ ጠርጥሩ።

ይህ ሁሉ ተለክቶ፣ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ኤሌክትሪክና ማሳ ልክ ሆኖ፣ ሴንሰሮቹ ልክ ሆነው፣ ከኮምፒውተሩ የሚወጣ ነገር ከሌለ፣ ያኔ ኮምፒውተሩን ጠርጥሩ። ያኔም ከተመሳሳይ ሞተር ተበድራችሁ ሞክሩት እንጂ ቀድማችሁ አትግዙ።

እያንዳንዱ ጀልባ ላይ ምን ይኑር? ቴስተር፣ የካንዴላ ቁልፍና ለሁሉም ሲሊንደር የሚበቃ ካንዴላ፣ ፊውዞች፣ አንድ የእጅ ፖምፓ ከነማሰሪያው፣ አንድ ፊልትሮ፣ ሽቦ ብሩሽ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትርፍ የማጥፊያ ክሊፕ፣ መቅዘፊያ፣ መልሕቅ ከነገመዱ። አንድ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ማኅበራት እንደ ማኅበር በጅምላ ብትገዙት ይቀላል፤ እባካችሁ አስቡበት።

ንግግሩ ይብቃን። ሻይ ጠጡና በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወደብ ላይ እንገናኝ። ባለ 60 ፈረሱ ሞተር እዚያ ታስሯል፤ እንዳይነሳ አድርገን ሁለት ቦታ ላይ ችግር ፈጥረንበታል። በሦስት በሦስት ትከፈላላችሁ፤ ከየቡድኑ አንዱ ቴስተር ይያዝ፣ አንዱ ቁልፍ ያዙር፣ አንዱ የተለካውን ይጻፍ። ሽፋኑን መጀመሪያ የሚያነሳ ቡድን ሳይሆን መጀመሪያ ባትሪውን የሚለካ ቡድን ይጀምራል።